በማታ ጨዋታ ስለሚገኝ ደስታ



ደስታ በባለጸጋ ቤት ብቻ የሚያድር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ማታ እሳት ዳር ልጆች «እንቆቅልሽ»፥ «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ጎንደርን ወይም ሐረርን ተቀብሎ ያለ ጦርና ያለ ገንዘብ ይነግሣል። በዚህም ቋንቋው ይጠራል፤ አሳቡም ይሰላል። እናቱም አጠገቡ ተቀምጣ በቀለም በተነከረ አክርማ መሶብ ትሰፋለች፤ እንጀራ ለመያዝ ጌጥ ባያስፈልግም ዓይኗ ውበት ይሻልና።

ልጁ ፊደል ቆጥሮ ይህን ሁሉ ቢንቅ ግን ትምህርቱ ከሰጠው የነሣው ይበልጣል። ስለዚህ ሽማግሌ የሚያውቀውን እንቆቅልሽ ይንገር፤ መምህርም በተማሪዎቹ እጅ ያስጽፈው። የመንደሩ ምኞት አንዲት ደብተር መሙላት ብትሆንም፥ የቤቱን ቃል ተጽፎ ያነበበ ልጅ ቤቱንም ትምህርቱንም ይወዳል።