የናፍጣ ሞተርን በግቢ ውስጥ ስለ መጠገን



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተር ነው። ጉዳዩ የከተማ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እህል ወደ ገበያ የሚያደርሰው መኪና በናፍጣ ይሠራል። መብራት በሌለበት አገር ወፍጮውና የመስኖ ውኃ መሳቢያውም እንዲሁ ናቸው።

የናፍጣ ሞተር እንዴት ይሠራል? ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር አጥብቆ ይጨምቃል። የተጨመቀ አየር በጣም ይግላል። ናፍጣ ሲረጭበት ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ዓይነት ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በሚገባ የሠራለት በ1897 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፒስተኑና ፋሻው ሲበሉ ጭመቃው ይላላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ያጨሳል፤ ዘይት ይበላል፤ ጠዋት አልነሳም ይላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልደታ ማርያም ሰፈር እንምጣ። በመንገዶቻችን ላይ ለብዙ ዘመን የታወቀው ፊያት 682 ኤንትሬ 6 ሲሊንደር አለው። አንድ ባለ መኪና እንዲህ ያለ ሞተር ደከመበት እንበል። የጋራዡ ዋጋ ያስፈራዋል። መኪናው በቆመ ቁጥር ደግሞ የቤቱ እንጀራ ይቆማል። ስለዚህ «እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አውርጄ አድሰዋለሁ» ይላል። ይችላል ወይ? መልሳችን፣ ከፊሉን ይችላል፣ ከፊሉን ግን አይችልም የሚል ነው።

መፍታት ቀላል ነው። ከባዱ እንደነበረ መመለስ ነው። እዚህ ላይ ከመፍቻ እኩል የሚያስፈልገው እርሳስና ደብተር ነው። በዚያው በልደታ በኩል ቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን የጀመረው ከዚያ ነው። የአውሮፕላን ጠጋኝ የፈታውንና ያሰረውን ሁሉ ጽፎ ይፈርምበታል። የመኪና ጠጋኝም ይህን ልማድ ቢይዝ ይጠቀማል። አንደኛው ፒስተን ከአንደኛው ሲሊንደር መውጣቱን ይጻፍ። ብሮንዚናውም ከየት እንደወጣ በቁጥር ይታወቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። በብሮንዚናው ውስጥ ለዘይት የሚተወው ክፍተት የፀጉር ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። ይህ በዓይንና በጣት አይለካም። ስለዚህ የሚለካውና የሚሞረደው ክፍል ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የናፍጣ ፓምፑም መፈተሻ ወዳለው ባለሙያ ይወሰድ። በግቢ ውስጥ የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

አቧራም ጠላት ነው። በብሮንዚና ውስጥ የገባ አሸዋ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ብረቱን ይፈጨዋል። ስለዚህ ሥራው ጣሪያ ባለው፣ ወለሉ በታጠበ ቦታ ይሁን። የታጠበው ዕቃ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

ሲገጠምም ቴስታታው እንደ ደረሰ አይጠብቅም። ከመካከሉ ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ጥቂት በጥቂት፣ ኃይል በሚለካ መፍቻ ይጠብቃል። አለዚያ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ዘይቱም እንደ ወተት ይነጣል። ያን ጊዜ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ሰው ይጠበቅ። እንዲህ ያለ ሞተር እስከ 10 ኩንታል ሊመዝን ይችላል። በገመድና በዛፍ ቅርንጫፍ አይነሳም። በተንጠለጠለ ሞተር ሥር፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪናም ሥር ማንም አይግባ። ከሰልና ሕፃናት ከናፍጣው ይራቁ። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሳ፤ ጭሱ ይገድላል። አሮጌው ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

እንግዲህ ማውረዱ፣ ማጠቡና መጻፉ በግቢ ሊሠራ ይችላል። ልኬቱና ፓምፑ ለባለሙያ ይተው። መገጣጠሙም ልምድ ያለው ሰው ባለበት ይሁን። እንዲህ ከተከፋፈለ ገንዘብም ይድናል፣ ሞተሩም ይድናል።

እናንተም ወፍጮ ወይም የውኃ መሳቢያ ካላችሁ፣ ሞተሩ ሳይደክም ጠብቁት። ዘይቱንና ፊልትሮውን በጊዜው ቀይሩ። የቀየራችሁበትን ቀንም በግድግዳው ላይ ጻፉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ አንብቦ እንዲያውቀው ነው።