የዓሣው ሒሳብ ከየት ይጀመራል?



በመንጌ ወረዳ ወርቅ አጥቦ የሚያድር ሰው፣ በገበቴው ያወጣው ወርቅ በዚያው ስፍራ ተመልሶ እንደማይበቅል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዓሣ ግን በልክ ከተያዘ ራሱን ይተካል። የሚያሳዝነው፣ በተለመደው የአገር ገቢ ስሌት ሁለቱም በአንድ ዓይን መታየታቸው ነው። የተሸጠው ወርቅም ሆነ የተሸጠው ዓሣ በገቢ ይያዛል፤ ከምድሩና ከውሃው የጎደለው ግን በወጪ አይያዝም። ለማሽን የእርጅና ቅናሽ ይሰላል፤ ለዓሣው ክምችት አይሰላም። የአካባቢ ሒሳብ አያያዝ የሚባለው ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ማዕከላዊ መመሪያውን በ2012 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል።

ይህ ቸል ሲባል የሚደርሰውን ጣና አሳይቷል። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር በሐይቁ ላይ የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነበር። እንቁላል ለመጣል በክረምቱ ማብቂያ ወደ ጉማራና ወደ መሰል ገባር ወንዞች አፍ የሚሰበሰቡት የባርበስ ዝርያዎች በዚያው ወቅት በመረብ ይታፈሱ ጀመር። መረቡ በሞላ ቁጥር ገቢው ያማረ መሰለ። ይሁን እንጂ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መውረዱን ጥናት አረጋገጠ። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። በሽያጭ መዝገብ ትርፍ የተባለው ከዋናው የተቆረሰ ነበር። ስሕተቱም የድሀ አገር ብቻ አይደለም፤ ካናዳ የኒውፋውንድላንድን የኮድ ዓሣ ማስገር በ1992 እ.ኤ.አ. የዘጋችው ክምችቱ ከተሟጠጠ በኋላ ነው።

አሁን ጉዳዩ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደርሷል። ከመንጌ በስተሰሜን፣ በጉባ የተገደበው ዓባይ ከ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀምሮ ሲሞላ ቆይቶ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ተፈጥሯል። በአዲስ የግድብ ሐይቅ ውስጥ የሰጠመው ዕፅዋት ሲበሰብስ ውሃው በምግብ ይዳብራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ዓሣ ይበረክታል፣ ቆይቶ ግን ይቀንሳል። የጥጋቡን ዓመት ምርት እንደ ቋሚ ገቢ ቆጥሮ ጀልባና ማቀዝቀዣ በብድር የሚገዛ የአስጋሪዎች ማኅበር፣ ዕዳው ሳያልቅ ዓሣው ሊያልቅበት ይችላል።

መዝገቡ በመልኩ ቀላል ነው፦ የመነሻው ክምችት፣ በዓመቱ የተወለደውና ያደገው፣ የተያዘው፣ በራሱ የሞተው፣ ቀሪው። አስቸጋሪው መለካቱ ነው። ዓሣ እንደ ከብት በበረት አይቆጠርም። ሆኖም አንድ ዓይነት መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው መጠን በየዓመቱ ቢመዘገብ፣ የክምችቱ አዝማሚያ ይገለጣል፤ የሚያዘው ዓሣ ርዝመት እያጠረ መሄዱም አውራዎቹ ማለቃቸውን ይጠቁማል። ለዚህ ሚዛን፣ መለኪያና በየማረፊያው አንድ ትጉህ መዝጋቢ ይበቃል።

የወርቁና የዓሣው መዝገብ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። ወርቅ አጣቢው ሜርኩሪ ከተጠቀመ፣ ሜርኩሪው በወንዝ ወርዶ በዓሣው ሥጋ ይጠራቀማል፤ የአንዱ ገቢ ወጪውን በሌላው ላይ ይጥላል ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ደንግጓል። የሐይቁ ከፍታም በመሐንዲሶች ይለካል፤ በዚያው መዝገብ ላይ ለዓሣው አንድ ዓምድ ከዛሬ ጀምሮ ሊከፈት ይገባል፤ የጥጋቡ ዓመታት ካለፉ የመነሻውን ቁጥር ማግኘት አይቻልምና።