ሪቬት፦ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ችንካር

የዛሬው ርዕሳችን ሪቬት ነው። ሪቬት የአውሮፕላንን ቆርቆሮዎች እርስ በርስ የሚያያይዝ አጭር ችንካር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወንዶች ዘመቱ። እናም በአሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ዊሎው ረን በተባለው የፎርድ ፋብሪካ ሴቶች ቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ይገጣጥሙ ጀመር።

ታዲያ ሪቬት እንዴት ይመታል? ፍራሽ ሲሰፋ አስቡት። አንዱ መርፌውን ይሰዳል፣ ሌላው ከወዲያ በኩል ይቀበላል። እዚህም አንዷ በአየር ግፊት መምቻ ትመታለች፤ ጓደኛዋ ከጀርባ ከባድ ብረት ትደግፋለች። የሪቬቱ ጫፍ በመሃል ይጨፈለቃል። በቃ፣ ተያያዘ!

የእነዚህ ሠራተኛ ሴቶች ምልክት ሆና በሥዕል ዝነኛ የሆነችው «ሪቬት መቺዋ ሮዚ» ባለመምቻዋ ናት። ክንፍ ውስጥ ተጣጥፋ ብረት የምትደግፈዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባሰ ሥራ ነበራት።

እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ አብዛኞቹ ሴቶች ከአውሮፕላን ፋብሪካዎች ተሰናበቱ።