የፍራንክ ዊልሰን የምርመራ ሕይወት



የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መርማሪ የነበሩት የፍራንክ ዊልሰን የሥራ ዘመን ለሕግና ለሒሳብ አያያዝ ተመራቂዎች መወሳቱ ተገቢ የሚሆነው፣ በዘመኑ እጅግ ይፈራ የነበረውን የወንጀለኞች ቡድን አለቃ አል ካፖንን ለፍርድ ያበቁት የሒሳብ መዝገብ በትዕግሥት በማንበብ ስለሆነ ነው። ዊልሰን የግብር መሥሪያ ቤቱ የምርመራ ክፍል ባልደረባ ሆነው ወደ ቺካጎ ሲላኩ፣ ካፖን በስሙ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አልነበረውም፤ ገቢውንም አሳውቆ አያውቅም ነበር። ለምርመራው መንገድ የከፈተው፣ በ1927 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሕገወጥ ንግድ የተገኘ ገቢም ግብር ይከፈልበታል ሲል የሰጠው ውሳኔ ነው።

ገቢ መኖሩን ለማስረዳት በወጪ ላይ የተመሠረተ ስልት አገልግሏል፤ ይኸውም አንድ ሰው ለሆቴል፣ ለልብስና ለቤት ዕቃ ያፈሰሰው ገንዘብ ተደምሮ ካሳወቀው ገቢ ጋር የሚነጻጸርበት ነው። ገቢው የካፖን መሆኑን ማረጋገጥ ግን እጅግ ከባድ ነበር። ዊልሰን በ1926 ከአንድ ቁማር ቤት ተይዘው የተረሱ መዛግብትን አግኝተው፣ የእጅ ጽሕፈቱን ከሌሎች ሰነዶች ጋር እያስተያዩ ጸሐፊውን ለዩት፤ ሰውየውም ማያሚ ውስጥ ተገኝቶ መሰከረ። ካፖን በ1931 የ11 ዓመት እስራትና የ50,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት።

በነፍስ ግድያ የሚጠረጠር ሰው በግብር ብቻ መቀጣቱ ፍትሕ የጎደለው ይመስላል፤ ቅሬታውም እውነት አለው፤ ይሁንና ምስክር ለሕይወቱ በሚሰጋበት ከተማ፣ ሊረጋገጥ የሚችለውን ለይቶ እስከ መጨረሻው መከታተል ታላቅ ድፍረት ነው።

የገንዘብን ዱካ መከተል በሌላ ጉዳይም ጠቅሟል፤ በ1932 የአብራሪው የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ሲጠለፍ፣ የዊልሰን አለቃ ኤልመር አይሪ በቤዛው ውስጥ የወርቅ ሰርተፊኬት፣ ማለትም በወርቅ ይመነዘር የነበረ የወረቀት ገንዘብ፣ እንዲጨመርና የኖቶቹ ቁጥር እንዲመዘገብ አደረጉ፤ መንግሥት በ1933 እነዚህን ኖቶች ከገበያ በመሰብሰቡ የቀሩት በቀላሉ የሚለዩ ሆኑ፣ በ1934ም አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ በተቀበለው ኖት ላይ የከፋዩን መኪና ሰሌዳ ቁጥር በመጻፉ ተጠርጣሪው ተያዘ።

ዊልሰን በኋላ ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀውንና ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙትን የሚከታተለውን ሲክሬት ሰርቪስ እስከ 1946 መርተዋል፤ በዚያም ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሐሰተኛ ኖት የሚለይበትን መንገድ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች እንዲያስተምር አድርገዋል፤ ከመርማሪ አስቀድሞ ኖቱን በእጁ የሚይዘው ባለሱቁ ነውና።