ዛሬ ማን ነው?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ዕለት ጸሎት ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ርእሱን የመረጥነው እኛው ነን፤ ምክንያትም አለን። እስካሁን ጠዋት ጠዋት ደወሉ ይጠራናል፤ ተሰልፈን እናማትባለን፤ የዕለቱም ንባብ ይነበብልናል። በሚመጣው ዓመት ግን ወደየዩኒቨርሲቲው ስንበተን ደወሉ አብሮን አይሄድም። ታዲያ ያን ጊዜ ማን ያስታውሰናል?

መልሱን ያገኘነው ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከወለንጪቲ ገበያ ነው። በከተማችን ቀን የሚጠራው በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ጤፍ በዱቤ የወሰደች እናት «ለሚካኤል እከፍላለሁ» ትላለች፤ ዕቁቡ ለማርያም ይወጣል፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ሽማግሌዎቹን ለመድኃኔ ዓለም ማግስት ይቀጥራል። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች እንኳ «ሚካኤል» ሲባል 12 ቀን መሆኑን አይስቱም፤ ዱቤ የሰጠ ሰው ቀን አይረሳምና! «ዛሬ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ ከልጅነት የለመድነው ነገር ነው። በክፍላችን ካቶሊኮች ጥቂቶች ብንሆንም ይህ አቆጣጠር ከኦርቶዶክሳውያን ጓደኞቻችን ጋር የጋራችን ነው፤ ገናንም ፋሲካንም አብረን እንደምናከብር ማለት ነው።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው፤ ደወል በሌለበት አገር 12 ቀን ሚካኤል መሆኑ አይቀርም። ቀኑ ራሱ ይጠራናል። የጎደለው የቀኑን ስም ስንሰማ የምንገልጠው ምዕራፍ ነው።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ በወለንጪቲ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ወደ ቁልቢ የሚጓዘውን ሕዝብ ያያል። ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጣው አውቶቡስ፣ የቤት መኪናና የጭነት መኪና ሁሉ በከተማችን አልፎ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ይወርዳል። በእግሩ የሚጓዝም አለ። የሰፈራችን ልጆች ውኃና ቆሎ ይዘው ይሮጣሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ገብርኤል ሦስቱን ወጣቶች ከእሳት ማዳኑ ነው። እኛም ትንቢተ ዳንኤልን ገልጠን ምዕራፍ 3ን አብረን አነበብን። ከጓደኞቻችን አንዱ «በዚህ ምዕራፍ የመልአኩ ስም የለም» አለ፤ ክርክርም ተነሣ። ፈልገን እንዳየነው የገብርኤል ስም የሚጠራው በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 8ና 9፣ ከዚያም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ለዘካርያስና ለእመቤታችን በተላከ ጊዜ ነው። በእሳቱ ውስጥ የቆመውን በስሙ ያቆየልን የአባቶች ትውፊት ነው። ይህን የምንናገረው ትውፊቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ትውፊቱ ባይኖር ኖሮ ታኅሣሥ 19 ቀን ያንን ምዕራፍ ማን ይገልጠው ነበር?

ከክርክሩ ይልቅ ያቆመን ሌላ ነገር ነው። ወጣቶቹ ለንጉሡ ሲመልሱ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም ብለዋል። እኛ የመልቀቂያ ፈተና ፊታችን ላይ ነው። ፈተናውን ካለፍሁ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ የተሳለ በመካከላችን አለ፤ ስለቱም መልካም ነው። የነዚያ ወጣቶች ጸሎት ግን «ካለፍሁ» የሚል ቃል የለበትም። ፈተናው ባይቀናንስ? ይህን ጥያቄ በጓሮ በር እንዳናስወጣው ያደረገን ያ ምዕራፍ ነው።

እርግጥ ስማቸው በመጽሐፍ ቅዱስ የማይገኝ ቅዱሳን ብዙ ናቸው። 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። የሐምሌ 24 ደግሞ ለእኛ ሌላ መታሰቢያ አለው፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይለው የነበረው ጣሊያናዊው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1852 ዓ.ም. ያረፈው በዚያ ሰሞን ነው። እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሶ፣ የአገሩን ምግብ በልቶ፣ ቋንቋውን ተምሮ ኖረ፤ በ1968 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ። ስለዚህ በዚያ ቀን ጳውሎስ ለሁሉ ሁሉን ሆንሁ የሚልበትን፣ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9ን እናነባለን። የእርሱ ደቀ መዝሙር የጎጃሙ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር፤ ሆኖም በቀረችው ዓይን መጻሕፍትን ሲመረምር ኖሮ ስለ እምነቱ በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት ታስሮ ሞተ። ሁለት ዓይን ይዘን በስልካችን ላይ ለምናመሸው ለእኛ ይህ ታሪክ አይመችም።

የምናነበው መጽሐፍም እንዲሁ አልመጣልንም። ሌላው ጎጃሜ አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ብሉይና ሐዲስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። አናሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የደከመበት የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ወጣ። አያቶቻችን ከአማርኛው ይልቅ በኦሮምኛው ሲነበብላቸው ፊታቸው ይፈካል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በቤታችን ንባቡ እንዳድማጩ ነው። በ1958 ዓ.ም. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ምእመናን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን አዘውትረው እንዲያነቡ አጥብቆ ሲያሳስብ አያቶቻችንንም ጨምሮ ነው።

ለፈተና እየተዘጋጃችሁ ጊዜ ከየት ታመጣላችሁ የሚሉን ወላጆች አሉ። አንድ ምዕራፍ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። መብራት ሲጠፋማ የአልጀብራው መጽሐፍ ይታጠፋል፤ በአንድ ሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ አንዱ ሲያነብ ሌላው መስማት ግን ይቻላል።

የወሩን ቀኖች በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፈናል። በ7 ሥላሴ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበትን ኦሪት ዘፍጥረት 18፣ በ12 ሚካኤል ዳንኤል 10ን፣ በ17 እስጢፋኖስ የሐዋርያት ሥራ 7ን፣ በ21 ማርያም የእመቤታችንን ምስጋና፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ማርቆስ 15ን አስፍረናል። ገና ምዕራፍ ያልተገኘላቸው ቀኖች አሉ፤ ቦታቸውን ባዶ ትተነዋል። እኛ ከሄድን በኋላ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይሙሉት፤ እርሳሱ በክር ታስሮ እዚያው ተንጠልጥሏል።