የሴሬንጌቲ መንጋና የከብት ክትባት



በታንዛኒያ የሴሬንጌቲን አራዊት ለመጎብኘት በየካቲት ወር የሚጓዝ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ሁሉ መንጋ ነው። የቆርኬ ዘመድ የሆነው ዊልደቢስት በደቡቡ ሜዳ አጭሩን ሣር እየጋጠ ይወልዳል፤ ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ሲደርቅም ከሜዳ አህያ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰሜን ይተማል፤ የማራን ወንዝ ተሻግሮ ኬንያ ይገባል። ጎብኚው የሰው እጅ ያልነካውን የጥንት ዓለም ያየ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ኀዘን የሆነው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች አማካይነት በምጽዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ። ዘመኑም ክፉ ቀን ተብሎ ይነገራል። ወረርሽኙ ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890ዎቹ የማሳይን ከብትና የሜዳውን አራዊት ጨረሰ። ከዚያ በኋላም በአካባቢው ቆይቶ፣ ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ያለቀባቸውን ጥጆች ይገድል ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከበረት ነው። በሜዳው ዙሪያ ያሉት የአርብቶ አደር ከብቶች ሲከተቡ፣ አራዊቱ መርፌ ሳይነካቸው በሽታው በ1963 ገደማ ከመካከላቸው ጠፋ። በ1961 ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበረው ዊልደቢስት በ1977 ወደ 1.3 ሚሊዮን ደረሰ። ሣሩ በብዛት ስለተጋጠ ሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ዛፉ አቆጠቆጠ። ጎብኚው ዛሬ የሚያደንቀው መንጋም ሆነ ጥላ፣ በአብዛኛው የከታቢው ድካም ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ የአፍሪካ የጋራ የክትባት ዘመቻ በ1976 ካበቃ በኋላ ክትትሉ ላላ፤ በሽታውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገርሽቶ የሴሬንጌቲን ጎሽ ሳይቀር ያዘ። እንደ ገና ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ጠየቀ። የመጨረሻው የተረጋገጠ ሕመም የታየው በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ ሲሆን፣ ዓለም ከበሽታው ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2011 ነው።

አደጋው ግን በአንድ በሽታ አያበቃም። በ1994 በመንደር ውሾች ዘንድ የሚገኘው ዲስቴምፐር የተባለ በሽታ በሴሬንጌቲ አንበሶች ላይ ወድቆ ከሦስት አንዱን ያህል ገደለ።

ስለዚህ የአራዊት ጥበቃ በጀት ሲደለደል፣ ለጥበቃው ጠመንጃና ለጎብኚው መንገድ ብቻ ሳይሆን ለአርብቶ አደሩ በረትና ለመንደሩ ውሻ ክትባትም ድርሻ ሊመደብ ይገባል። አርብቶ አደሩን የአውሬ ጠላት አድርጎ ከሜዳው ማራቅ በሽታውን አያርቅም። ከብቱን ማከም ግን ሁለቱንም ያድናል።