«አመመኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ስለ ሕመም በመሆኑ ከበዓል ጋራ የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድም ቀን ያልታመመ ሰው ስለማይገኝ ለሁላችንም የሚጠቅም ነው ብለን አምነንበታል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡንም ሳይንሱንም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ልብ አሠራርና ስለ ደም ዝውውር በእንግሊዝኛ ተፈትነን ማለፍ እንችላለን። ይሁን እንጂ አማርኛ በማያውቅ መምህር ወይም ሐኪም ፊት ቆመን «ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዴን ቆረጠኝ» ለማለት ስንፈልግ ምላሳችን ይተሳሰራል። ለፈተና የደረሰልን ቋንቋ ለገዛ ሰውነታችን ካልደረሰልን ትምህርታችን ገና ጎደሎ ነው።

ከሁሉ በፊት ልንገነዘበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ሕመም አድራጊ፣ ሰው ግን ተደራጊ ነው። ራሴን አመመኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ብርድ መታኝ፣ ወባ ጣለኝ እንላለን። በሽታው ይመጣል፣ ይይዛል፣ ይመታል፣ ይጥላል። በእንግሊዝኛ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እንግሊዛዊ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ሲል እርሱ ጉንፋኑን ያዘው እንጂ ጉንፋኑ እርሱን አልያዘውም። «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ሲልም የራስ ምታቱን እንደ ደብተሩና እንደ ብዕሩ «አለኝ» ይላል። እንግዲህ አማርኛውን ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ «ኤ ኮልድ ኮት ሚ» ቢል ሰሚው ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር የሰውነት ክፍል ስም ነው። በእኛ ዘንድ የታመመውን ክፍል መጥራት በሽታውን መጥራት ነው። «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ኩላሊት አለብኝ»፣ «ቶንሲል አለብኝ» ያለውን ሰው ሁሉም ይረዳዋል። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ መልሰን «አይ ሃቭ ኪድኒ» ብንል ግን ሐኪሙ «እኔም ሁለት አለኝ» ቢለን አይፈረድበትም። «አይ ሃቭ ኪድኒ ትራብል» ወይም «ማይ ስቶመክ ኸርትስ» ማለት ይገባል። «ስኳር አለብኝ» የሚሉ ወላጆቻችንም በሽታቸው በእንግሊዝኛ «ዳያቢቲስ» ነው። ደም ብዛትን «ማች ብለድ» ብሎ የተረጐመ ሰው ደም ተርፎታል ያሰኛል፤ ትክክለኛው ስሙ «ሃይ ብለድ ፕሬሸር» ነው። እንዲሁም «ሃርትበርን» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ልብ ተቃጠለ ብሎ እንዳይደነግጥ። ነገሩ እኛ ቃር የምንለው ብቻ ነው። እውነተኛው የደረት ሕመም «ቼስት ፔይን» ይባላል፤ ይህ ሲደርስ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እንግሊዞች ሕመማቸውን አሳንሰው መናገር ይወዳሉ። «አይ አም ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር» ይላሉ። ቃል በቃል ሲተረጐም «ከአየሩ በታች ነኝ» ማለት ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ጤና አጣሁ ነው። «ኦፍ ከለር» ያለው ሰው ቀለም ጠፋኝ ቢልም እንደ ወትሮዬ አይደለሁም ማለቱ ነው። «ራን ዳውን» ያለው በሥራ ብዛት ተዳክሟል። «ፍሮግ ኢን ማይ ትሮት» ያለውም ድምፁ ጎረነነ እንጂ በጉሮሮው እንቁራሪት አልገባችም። «አይ ሃቭ ኤ ቴምፐሬቸር» ሲባልም፣ ጤነኛ ሰው ሁሉ ወደ 37 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ቢኖረውም፣ ትኩሳት አለኝ ማለት ነው።

«ሲክ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ተናጋሪው አገር ይለያያል። አሜሪካዊ «አይ አም ሲክ» ሲል ታምሜአለሁ ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ ግን ለዚህ «ኢል» የሚለውን ይመርጣል፤ «አይ ዎዝ ሲክ» ካለ ብዙውን ጊዜ አስመለሰኝ ማለቱ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንግሊዞችም፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ስላስተማሩ ሁለቱም አነጋገር ደርሶናል።

«ኮልድ»ንና «ፍሉ»ንም መለየት ይገባል። «ኮልድ» ተራ ጉንፋን ነው። «ፍሉ» ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ስም ሲያጥር ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበውም እርሱ ነው። ስለዚህ አፍንጫችን በፈሰሰ ቁጥር «ፍሉ» ማለት ቃሉን ማርከስ ይሆናል።

ስለ ሕመም ዓይነት ከሆነ አማርኛችን ባለጠጋ ነው። ወጋኝ፣ አቃጠለኝ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ፈለጠኝ እንላለን። ደስ የሚለው እነዚህ በእንግሊዝኛ ጓደኛ አላቸው። ለሚወጋ «ስታቢንግ»፣ ለሚያቃጥል «በርኒንግ»፣ ለሚጠዘጥዝ «ትሮቢንግ» ይባላል። ራስን ለሚፈልጥ ሕመምም «ስፕሊቲንግ ሄዴክ» ይሉታል፤ ይህም ቁርጥ የእኛው «ፈለጠኝ» ነው። ሲያዞረን «አይ ፊል ዲዚ» እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። «እንዴት ነህ?» ሲሉን ብንታመምም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። እንግሊዛዊም «ሃው አር ዩ?» ሲባል «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ይላል። ይህ የሁለቱም ሕዝብ ጨዋነት ነው። ዳሩ ግን ጨዋነቱ ከሐኪም በር ውጭ መቅረት አለበት። ለጓደኛ «አንደር ዘ ዌዘር» ማለት ያምራል፤ ለሐኪም ግን ምንም አይነግረውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ አንዳንዱ ተማሪ ስለ ተቅማጥ ወይም ስለ ድርቀት መናገር አፍሮ፣ ሌላው ሰዋስው እንዳይሳሳት ፈርቶ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከሰዋስው ስሕተት እጅግ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ለሐኪም አራት ነገር በአጭሩ መንገር ይበቃል። ይኸውም የት እንደሚያም፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንዴት እንደሚያም፣ ሌላ ምን እንዳለ ነው። ለምሳሌ፣ «ማይ ስቶመክ ኸርትስ። ኢት ስታርትድ ላስት ናይት። ኢት ካምስ ኤንድ ጎዝ። አይ ሃቭ ቮሚትድ ትዋይስ።» ማለት ሆዴን ያመኛል፤ የጀመረኝ ትናንት ማታ ነው፤ መለስ ቀለስ ይላል፤ ሁለት ጊዜ አስመልሶኛል ነው። የማይስማማው መድኃኒት ያለበት ሰውም ሳይጠየቅ ይናገር። ለምሳሌ ፔኒሲሊን የማይስማማው «አይ አም አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን» ይበል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሕይወት ልታድን ትችላለች።

በመጨረሻ ለታመመ ሰው የምንመልሰውን እንወቅ። «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ያለን ሰው ይቅርታ መጠየቁ ሳይሆን ማዘኑ ነው። እኛ «እግዚአብሔር ይማርህ» የምንለውን እነርሱ «ጌት ዌል ሱን» ይሉታል። ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» እንደምንል «ብሌስ ዩ» ይላሉ፤ መልሱም እንደ እኛ «ያኑርህ» ሳይሆን «ታንክ ዩ» ነው። «አይዞህ»ን በአንድ ቃል የሚተካ ግን በእንግሊዝኛ አላገኘንም። ስለዚህ የታመመ ጓደኛችንን በእንግሊዝኛ ብንጠይቀውም «አይዞህ»ን በአማርኛ እንጨምርለት።

እነሆ ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን። እነዚህን ቃላት ለወግ ያህል ብቻ እንድታውቋቸው እንጂ እንዳትፈልጓቸው ለመምህራኖቻችን፣ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቻችን ሁሉ ሙሉ ጤና እንመኛለን።